ባይተዋርን ማን ይሠራዋል?



ዛሬ የምናገረው ሰው በገዛ አገሩ፣ በገዛ መንደሩ፣ አንዳንዴም በሚያድርበት ቤት ውስጥ እንዴት ባይተዋር እንደሚሆን ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ ጽፈዋል። ካነበብኩት ሁሉ ግን አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋምና ከእርሱ ልነሳ።

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ አጠገብ ያለ የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ነው። አጥኚዎቹ የነዋሪዎቹን ገመና ለመጠበቅ ብለው ዊንስተን ፓርቫ የሚል የፈጠራ ስም አወጡለት። ከሁለቱ አጥኚዎች አንዱ ጆን ስኮትሰን የአካባቢው መምህር ነው፤ ጥናቱን የጀመረው የወጣት አጥፊዎች ነገር አሳስቦት ነበር። በመንደሩ ከአንደኛው ሰፈር ይልቅ በሌላኛው የሚያጠፉ ልጆች ይበዙ ነበርና ምክንያቱን ማወቅ ፈለገ። ሌላው ኖርበርት ኤሊያስ ሲሆን በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ኤሊያስ ብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ የተሰደደ፣ እናቱን ናዚዎች የገደሉበት ሰው ነው። ባይተዋርነትን ከመጻሕፍት ብቻ አልተማረውም።

ሁለቱ ሰፈሮች በምን ይለያያሉ? አጥኚዎቹ ይህን ጥያቄ ይዘው ሲዞሩ የሚጨበጥ መልስ አጡ። በሁለቱም ሰፈር የሚኖረው ነጭ እንግሊዛዊ ነው፤ ቋንቋው አንድ ነው፤ አብዛኛው የእጅ ሠራተኛ ነው፤ ገቢውና ትምህርቱም ተቀራራቢ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የሚውሉ ነበሩ። ያገኙት ልዩነት አንድ ብቻ ሆነ። የአንደኛው ሰፈር ቤተሰቦች ሁለትና ሦስት ትውልድ ቆይተዋል። የሌላኛው ሰፈር ሰዎች ግን ቅርብ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከዚያ የተዛወሩ ነበሩ። ልዩነቱ የቆይታ ዘመን ነው፤ ሌላ የለውም።

ይህ ልዩነት ያመጣውን ግን ተመልከቱ። ነባሮቹ መጤዎቹን በሥራ ቦታ ያነጋግራሉ፤ ከፋብሪካው በር ሲወጡ ነገሩ ያበቃል። ቤታቸው አይጠሯቸውም፤ ማኅበራቸው ውስጥ አያስገቧቸውም። መጠጥ ቤት እንኳ ተለየ፤ አንዱ የነባሮቹ፣ ሌላው የመጤዎቹ ሆነ። የመጤዎቹን ሰፈር በአይጥ ስም ይጠሩት ነበር። ከነባሮቹ መካከል ወደ መጤዎቹ የተጠጋ ሰው ቢኖር የሰፈሩ ዓይን ይከተለዋል፤ ስሙም ከእነርሱ ጋር አብሮ ይነሳል።

የማግለያው መሣሪያ ሐሜት ነው። ኤሊያስና ስኮትሰን ሐሜትን እንደ ቁም ነገር ወስደው እንዴት እንደሚሠራ መረመሩ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት መጽሐፍ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ክፍል ነው። በመጤዎቹ ሰፈር ጠብና ስካር የማያጣቸው ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ነባሮቹ የእነዚህን ጥቂቶች መልክ ወስደው ለሰፈሩ ሁሉ ሰጡት። ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ደግሞ ከመካከላቸው የተከበሩትን፣ ኮሚቴ የሚመሩትንና ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትን ጥቂት ቤተሰቦች አንስተው የሁላቸውም መልክ እርሱ እንደሆነ ያምናሉ። ሌላውን በክፉዎቹ፣ ራስን በደጎቹ መለካት ማለት ነው። ጥናቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ በሁለቱ ሰፈሮች የወጣት አጥፊዎች ቁጥር መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ወሬው ግን እንደነበረ ቀጠለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ክፉ ስምም ምክንያቱ ከሞተ በኋላ እንዲሁ ይውላል።

መጤዎቹ ስለ ምን መልስ አልሰጡም? ምክንያቱ ቁጥራቸው አይደለም። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር። ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የጋራ ማኅበር፣ የጋራ ትዝታ፣ በሠርግና በለቅሶ የሚያገናኛቸው ዝምድና አልነበራቸውም። ነባሮቹ ደግሞ በአክስትና በአጎት፣ በክበብና በጸሎት ቤት የተሳሰሩ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም በበጎ ጎኑ እናውቀዋለን። በዊንስተን ፓርቫ ድሩ ያሰረው ጎረቤቱን ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን መጤዎቹ ራሳቸው ስለ እነርሱ የሚባለውን በከፊል ማመናቸው ነበር። በሰፈራቸው ያፍሩ ነበር፤ ክፉዎቹ ጎረቤቶቻቸው እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ይደክሙ ነበር፤ ጠብ የማያውቀው ቤት ሁሉ የጥቂቶቹን ኀፍረት ተሸክሞ ይኖር ነበር።

ይህን ጥናት መነሻ ያደረግኩት ስለ ባይተዋርነት ስንወያይ ሁልጊዜ የምንይዛቸውን ምክንያቶች ስለሚያስጥለን ነው። ቀለም ነው እንላለን፤ ሃይማኖት ነው፤ ቋንቋ ነው፤ ድህነት ነው እንላለን። እነዚህ ሁሉ ሳይኖሩ እንኳ ባይተዋር ተሠራ። እንግዲህ ምንጩን መፈለግ ያለብን የተገለለው ሰው ገላ ላይ ወይም ጠባዩ ላይ አይደለም። የሚያገልለው ወገን በምን ተሳስሮ እንደቆመ፣ ምን እያወራ እንደሚኖርና በዚህም ምን እንደሚያገኝ ነው መጠየቅ ያለብን። እኔ የማምነው ይህንን ነው፤ የሚቀጥለውም ንግግሬ ይህንኑ በእኛው አገር ሰዎች ላይ ለማሳየት ነው።

ከኤሊያስ በፊት በ1908 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጊዮርግ ዚመል ስለ ባይተዋር አጭር ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ዚመል ባይተዋር ሲል መንገደኛውን ማለቱ አይደለም፤ መጥቶ የተቀመጠውን፣ ከሕዝቡ ጋር የሚነግደውን፣ የሚያስፈልገውን፣ ነገር ግን መሬት የሌለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቅርብም ሩቅም ነው። ስለዚህ ዘመድ የማይሰማው ምስጢር ለእርሱ ይነገረዋል። የጥንት የጣሊያን ከተሞች ዳኛ ሲፈልጉ ከሌላ ከተማ ያስመጡ ነበር፤ በከተማው ውስጥ የሚያዳላለት ወገን የሌለው ሰው ነዋ። ዚመል ራሱ ከአይሁድ ዘር የመጣ ነበር። የሚያስተምርበት አዳራሽ በሰው ቢሞላም ሙሉ የፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው በ1914 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ከበርሊን ርቆ ስትራስቡርግ ላይ ነው።

ከዚመል ሐሳብ መሬት የሌለው የሚለውን ያዙልኝ። በእኛ አገር ሰው ማለት ርስት ያለው ሰው ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ካልተጠመቁ በስተቀር የአባታቸውን ርስት እንዳይወርሱ እንዳዘዙ የሚነገርላቸው የአይሁድ እምነት ተከታዮቹ ቤተ እስራኤል የዚህ ታሪክ ዋና ምስክሮች ናቸው። ከብዙ ጦርነት በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በሰሜን ተራሮች የነበራቸው የራስ አስተዳደርም ፈረሰ። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሸክላ ይሠራል፤ ይሸምናል፤ ግንብ ይገነባል። የጎንደር አብያተ መንግሥት ሲሠሩ የቤተ እስራኤል ግንበኞች እጅ ነበረበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን በቅርበት እንየው። ክረምት ሲገባ ገበሬው ማረሻውን ይዞ ቀጥቃጩ ዘንድ ይሄዳል። ማረሻው ካልተሳለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ቤቱ በረሃብ ያልቃል። ባለቤቱ እንስራዋንና ድስቷን የምትገዛው ከቀጥቃጩ ሚስት ነው። ቀን እንዲህ የሚፈላለጉ ሰዎች ማታ ሌላ ታሪክ ይወራባቸዋል። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ልጅ ከታመመ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። ሀጋር ሰላሞን የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል ጋር ተቀምጣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት እንደኖሩ ጠይቃ በ1999 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች፤ ርእሱም ሰዎቹን በጅብ ስም የሚጠራ ነው። ከምስክርነቶቹ የምንረዳው ፍቅርና ፍርሃት፣ ጉርብትናና ጥርጣሬ በአንድ ሜዳ አብረው መኖራቸውን ነው።

ድንበሩን የሚጠብቀው ነባሩ ብቻ እንዳልነበረ መናገርም እውነት ነው። ቤተ እስራኤል በንጽሕና ሕጋቸው መሠረት ሌላ ሰው ከነካቸው ይታጠቡ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውም በዚህ ምክንያት አትንኩኝ ይሏቸው ነበር። ራሳቸውም በውስጣቸው ጨዋና ባሪያ እያሉ ይለያዩ እንደነበር ይኸው የሰላሞን ጥናት ያሳያል። የተገለለ ሰው ሌላውን አያገልልም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ሆኖም ሁለቱ ድንበሮች እኩል አይደሉም። የአንደኛው ድንበር ርስትና ሹመት ይነሳል፤ የሌላኛው የሚነሳው ማዕድ ነው።

አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን ማግለል አገር እንደሚጎዳ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው መስደብ ከለከሉ። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለ የሚሳደበውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውንም የሚያንቋሽሸውን ሁሉ ገሠጹ፤ ስድቡ በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ አድርገው ቆጠሩት፤ ዳግመኛ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ከንጉሥ አፍ የወጣ አዋጅ ነው። ስድቡ ግን አልቆመም። ከዚያ በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስት ለማያውቁት ብዙዎች መሬት ሰጠ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ የዚመልን መሬት የለሽ ሰው ባለመሬት አደረገው። ጋብቻው፣ ማዕዱና መቃብሩ ግን ከመሬቱ ጋር አብረው አልተከፈቱም።

አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች፣ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና አዳኞች እንዴት ተገልለው እንደሚኖሩ ሰብስበው አሳይተዋል። ቤታቸው ከመንደሩ ዳር ነው፤ መሬታቸው ጥቂት ነው፤ በሸንጎ ድምፃቸው አይሰማም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም። ከአዳኞቹ ወገን የሆኑት፣ በከፋ የሚኖሩት ማንጆዎች ምግብ ሲሰጣቸው በቤቱ ሳሕን ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ይሰጣቸው የነበረው፣ ሌላው ሰው እነርሱ በነኩት ዕቃ እንዳይበላ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የሠራችው ጀበና በየቤቱ ለክብር እንግዳ ቡና ሲቀዳበት፣ እርሷ ግን ከደጅ ቆማ ገንዘቧን ትቀበላለች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው ነጠላ በጥምቀት ቀን ከተማውን ያለብሰዋል። ነባሩ በዓሉን የሚያደምቅበት ዕቃ ሁሉ እርሱ ባገለላቸው እጆች የተሠራ ነው፤ ይህንን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ቤተ እስራኤልን ደግሞ ባይተዋርነት ባሕር ተሻግረውም አልተዋቸውም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ከእነርሱ በፊት ብዙዎች በሱዳን በኩል በእግራቸው ሄደው፣ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ዘመድ ቀብረው ገብተው ነበር። ጎንደር ላይ በአይሁድነታቸው የተለዩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ኢትዮጵያውያን ተባሉ። ገና በ1985 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መሪዎች ለአይሁድነታቸው ማረጋገጫ የጥምቀት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቋቸው በዋናው ራቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለገሱት ደም በኤችአይቪ ፍርሃት በድብቅ ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። ወጣቶቹ ደም ሲለግሱ ምስጋና ይቀበሉ ነበር፤ ከረጢቱ ግን ከበሩ ጀርባ ይጣል ነበር። በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወጡ፤ መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ።

ልብ በሉ፤ ያን ቀን አደባባይ የወጣው ሕዝብ ከዊንስተን ፓርቫ መጤዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ተሰባስቧል፤ ተዋውቋል፤ በአንድ ድምፅ መልስ ሰጥቷል። ስግድ የተባለው በዓላቸው በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል የሆነውም ሰዎቹ በዓላቸውን ይዘው ስለጸኑና ስለጠየቁ ነው። ችግራቸው አላለቀም፤ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የፖሊስን በደል ተቃውመው እንደገና አደባባይ መውጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገር ግን ባይተዋርነት ሲሠራ እንዳየነው ሁሉ ሲፈርስም ማየት ይቻላል።

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤርቪንግ ጎፍማን በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ስም ጉድፍ ያሳተመውን መጽሐፍ እዚህ ባልፈው በደል ይሆንብኛል። ጎፍማን ጉድፉ ከሚታይበት ሰው ይልቅ ሊደብቀው የሚችለው ሰው የሚሸከመውን ድካም ነው በደንብ ያሳየን፤ ለማን ልናገር፣ ማን ያውቅብኛል፣ መቼ ይደርሱብኛል እያለ መኖር። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ከሆነ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሰፈሩበት በዘነበወርቅ አካባቢ ላደገ ልጅ ግን ሰፈርህ የት ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ቀላል አይደለም። በሽታው ከወላጆቹ ገላ ወጥቷል፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም።

ወደ መጨረሻው ሐሳቤ ልምጣ። ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ በነጮች ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩ ጥቁር ሴቶች ትነሳለች። እነዚህ ሴቶች የአሠሪዎቻቸውን ልጆች አሳድገዋል፤ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ያውቃሉ፤ የተከበሩ የሚባሉት ሰዎች በማጀት ምን እንደሚመስሉ አይተዋል። ከቤተሰቡ አባል ግን መቼም አይቆጠሩም። ኮሊንስ ይህን ቦታ የዕውቀት ምንጭ ትለዋለች። ውስጥ ገብቶ ውጭ የቀረ ሰው፣ ውስጥ ላሉት የተሰወረውን ያያል።

ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ የለብንም። አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ እጅ የምታስታጥበውን፣ ምሳ የምታቀርበውን፣ ቡና የምታፈላውን ልጅ አስቡ። እንግዶቹ ስለ ገንዘባቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ሰው ጉድ ሲያወሩ እርሷ እዚያው ቆማለች፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም። እንግዳ ሲሸኝ የተረፈውን ወጥ ማጀት ውስጥ ትበላለች፤ ማታ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ታድራለች። እመቤቷ ስለ እርሷ ሲጠየቁ እንደ ልጄ ናት ይላሉ፤ ከልባቸውም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጃቸው ትምህርት ቤት ስትሄድ እርሷ ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ የምታውቀውን ያህል ስለዚያ ቤት የሚያውቅ ማንም የለም፤ የሚጠይቃትም ማንም የለም።

ይህችው ልጅ ነገ ቤይሩት ወይም ሪያድ ትሄዳለች። በዚያም አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይይዝባታል፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር እጅግ ይቸግራታል። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮና ሲጨመርበት ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ልጆቻቸውን ያሳደጉላቸው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ያጠቡላቸው ሴቶች አስፋልት ላይ አደሩ። ያንን በቴሌቪዥን አይተን አዝነናል፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ግን በዚያው ምሽት በስንቶቻችን ቤት ልጅቷ ማጀት ውስጥ ቆማ ትበላ ነበር?

ዛሬ በአገራችን መጤ የሚለው ቃል ሰው ከቤቱ የሚያስነቅል ሆኗል። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ፣ እዚያው የተዳረ፣ እዚያው ልጅ የቀበረ ሰው በአንድ ሌሊት መጤ ይባላል። የዊንስተን ፓርቫ ሰዎች በቃሉ መጠጥ ቤት ለዩ፤ እኛ ዘንድ በዚሁ ቃል ሕይወት ይጠፋል። ሥራው ሲጀመር ግን ያው ነው፤ ሐሜት ነው፤ የጥቂቶችን ጥፋት ለሁሉም ማደል ነው፤ የራስን ወገን በደጎቹ ብቻ መቁጠር ነው።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ተማሪዎችና አስተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ስለ ተገለሉ ሰዎች የሚደረገው ጥናት ዘወትር ወደ ተገለሉት መንደር ነው የሚሄደው፤ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው። የሚቀጥለውን ጥናታችሁን ወደ ነባሩ አዙሩት። የየሰፈራችሁን ዕድር መዝገብ ክፈቱ፤ ማን ለመግባት ጠይቆ ተከለከለ? ማን አልቀበልም እንደሚባል አውቆ ሳይጠይቅ ቀረ? ክልከላውን ማን አነሳው፣ ማን ደገፈው፣ ስለዚያ ቤተሰብ ምን ተብሎ ነበር? የወሰኑት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።